እንቅልፍ ላጣ ሰው ስም የለንም

(ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ ለተሰበሰቡ የቋንቋ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሳውን ጨዋታም ጨምሬበታለሁ።)

እንዴት አመሻችሁ!

ምሽት ስለሆነ ነው እንጂ የኔ ፍላጎት «እንዴት አደራችሁ?» ብዬ መጀመር ነበር። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ የወጣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ባጃጅ እስክትይዙ ድረስ ስንት ሰው «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» ይላችኋል? ጎንደር ላይ ደግሞ ሰላምታ አይቸኮልበትም። ሰውየው አልፏችሁ ከሄደ በኋላ እንኳን ዞሮ «ደህና አደራችሁ ወይ?» ይላል። መልሱ ግን አንድ ነው። ለጥ ብላችሁ አድራችሁም ከሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ጣራ ጣራ ስታዩ ነግቶባችሁም ከሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን»።

እኔ አንድ ቀን እውነቱን መለስኩ። ሰፈራችን ካለች ሱቅ ዳቦ ልገዛ ገብቼ ነው። ባለ ሱቁ «እንዴት አደርክ?» አለኝ። «ኧረ ተወኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አደረ» አልኩት። ዳቦውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው፣ ክፉ ነገር አለ እንዴ?» ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት «ሐሳብ ነው ልጄ፣ ሐሳብ» አሉ። ሌላው «ማታ ቡና ጠጥተህ ይሆናል» አለ። አንዷ ጸበል መከረችኝ። ዳቦ ገዝቼ ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ቤቴ እስክደርስ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ያ ሁሉ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ስም ያወጣልኝ የለም። «አንተ እኮ እንዲህ የምትባል ዓይነት ሰው ነህ» ያለኝ የለም። ሁሉም ያወሩት ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው።

እንግሊዞቹ ስም አላቸው። ከላቲን የወሰዱት ነው። «ሶምኑስ» እንቅልፍ ነው፣ «ኢን» የሚለው አፍራሽ ነው። ችግሩን «ኢንሶምኒያ» አሉት፣ ባለ ችግሩን ደግሞ «ኢንሶምኒያክ»። አንዲት ቃል ናት። መታወቂያ ላይ ብትጻፍ ትበቃለች።

እኛስ? አብዝቶ ለሚተኛው ስም ለመስጠት አልሰነፍንም። «እንቅልፋም» ብለነዋል። ልክ እንደ «ሆዳም»። ላልተኛው ግን የለም። «እንቅልፍ አልባስ?» ትሉኝ ይሆናል። እሱ የጽሑፍ አማርኛ ነው። የምንለውም ለሌሊቱ ወይም ለከተማው ነው፤ «እንቅልፍ አልባ ሌሊት» እንላለን። «አጎቴ እንቅልፍ አልባ ነው» ያለ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

እና ይሄ ከየት መጣ? ትንሽ ሰዋስው ልናገር ነው፣ እንዳትተኙብኝ።

በአማርኛ አድራጊው እንቅልፉ ነው። ሰውየው ተደራጊ ነው። እንቅልፍ ይመጣብኛል። እንቅልፍ ይዘኛል። እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ልክ እንደ ትግል። እንቅልፍ ይወስደኛል። የት እንደሚወስደኝ አልተነገረም፤ ብቻ ይወስደኛል። ሳይመጣ ሲቀርም አድራጊው ያው ራሱ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እንላለን፣ ልክ ጠርተነው አልመጣም እንዳለ ዘመድ። «እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ» እንላለን። እንቅልፍ ጎብኚ ነው፤ በደጄ አላለፈም ነው ነገሩ።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ነሳኝ» የሚለው ነው። «እንቅልፍ ነሳኝ።» ነሳ ማለት ከለከለ፣ የሚገባኝን አልሰጠኝም ማለት ነው። እዚህ ላይ እንቅልፉ ዕቃ ሆነና ነሺው ሌላ ሆነ። ስለዚህ «ማን ነው የነሳህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሐሳቡ ነው የነሳኝ። ዕዳው ነው። የጎረቤት ውሻ ነው። ፍቅርሽ ነው፤ ዘፋኞቻችን በዚህች ቃል ስንት ቀን እንጀራ በልተዋል! በአማርኛ እንቅልፍ ያጣ ሰው በሽተኛ ከመሆኑ በፊት ከሳሽ ነው። ባለ ሱቁም «ክፉ ነገር አለ እንዴ?» ያለኝ ለዚህ ይመስለኛል። ነሺውን እየፈለገ ነበር።

አሁን ወደ «ተኛ» እንሂድ። ይህቺ ቃል ጉደኛ ናት። ጋደም ማለትም ናት፣ እንቅልፍ መውሰድም ናት። «ተኝቻለሁ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም» ብንል ማንም አይስቅብንም። በዚያ ላይ ሆስፒታል መግባትም «መተኛት» ነው። «ተመላላሽ ታካሚ» አለ፣ «ተኝቶ ታካሚ» አለ። ጎንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። የሐኪም ቋንቋ እዚህ የሰፈር ቋንቋ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ብነግራችሁ ይገባችኋል።

አንድ ጊዜ ዘመድ ላስታምም ሆስፒታል ሰነበትኩ። አስታማሚ ማለት፣ የምታውቁት ነው፣ ወንበር ላይ የሚያድር ሰው ነው። ከጎናችን አንዲት አሮጊት ነበሩ። ወጣት ሐኪም ካርዳቸውን ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ?»

«አዎ ልጄ፣ አንድ ጊዜ።»

«ስንት ቀን ተኙ?»

«ኧረ አንድም ቀን አልተኛሁ! ያቺ ከጎኔ ያለችው ስታቃስት፣ መብራቱ ሲበራ ሲጠፋ፣ ምን ይተኛል!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም።

ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። ሐኪም «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሲል የጠየቀው ስለ እንቅልፍ ነው። ታማሚው ደግሞ ስለ አልጋው ይመልሳል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12» ይላል። ሐኪሙ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ግን ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ሰዓት ሲገላበጥ ነው ያደረው። ብልህ ነርሶች ይህን ስለሚያውቁ «እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። እንቅልፉን አድራጊ ያደርጉታል። ያኔ እውነቱ ይወጣል።

ሐኪሞች ችግሩን በሦስት ይከፍሉታል። ገና ሲጋደሙ አልወስድ የሚል አለ፣ መሐል ላይ የሚቋረጥ አለ፣ ሳይነጋ የሚያነቃ አለ። ይሄ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየሆነ 3 ወር ከቆየ ሥር የሰደደ ነው ይላሉ። የሕዝቡን አማርኛ ብትሰሙት እሱም ለየብቻው ነው የሚጠራቸው። የመጀመሪያው «እምቢ አለኝ» ነው። ሁለተኛው «ይቆራረጥብኛል» ወይም «እባንናለሁ» ነው። ባነነ ማለት ደንገጥ ብሎ ነቃ ማለት ነው፤ ነቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቃል ባላስፈለገ። ሦስተኛው «እንቅልፌ ይሄድብኛል» ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ አይመለስም።

ዱካክንም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። እሱ እንቅልፍ ከማጣት የባሰ ነው። ነቅተሃል፣ ታያለህ፣ መንቀሳቀስ ግን አትችልም፤ ደረትህ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል። «ዱካክ ተጫነኝ» ይባላል። ሳይንሱ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ የሚሆን ነው ይላል። ጫት ሲቃሙ ከርመው ያቆሙ ልጆች ስለ ዱካክ ሲያወሩ ብትሰሙ የሚያወሩት ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው ይመስላችኋል። «ትናንት መጣ» ነው የሚሉት።

እሺ፣ አሁን ወደምወደው ቃል ልምጣ። አደረ።

መሠረቱ ግእዝ ነው፤ ኀደረ፣ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ማኅደርም ከዚያው ነው። ትግርኛም «ከመይ ሓዲርካ» ሲል ያቺኑ ቃል ነው የሚጠራው። አማርኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ በዚህች ግስ ላይ ጭኖታል። አደረ ማለት ተኛ ማለት አይደለም። ሌሊቱ በእሱ ላይ አለፈ፣ እሱም በሌሊቱ ውስጥ አለፈ ማለት ነው። እንዴት እንዳለፈ ከፊቱ ያለው ቃል ይናገር። ተኝቶ አደረ። ቁጭ ብሎ አደረ። ሲገላበጥ አደረ። ሲብሰለሰል አደረ። ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ኮከብ ሲቆጥር አደረ። ሮንድ ወጥቶ አደረ። ነርሷ «ዛሬ አዳር ነኝ» ትላለች፤ ሐኪሙ «ዱቲ ነኝ» ይላል። ፈረንሳዮች እንቅልፍ ያጡባትን ሌሊት «ነጭ ሌሊት» ይሏታል። ደስ ይላል። እኛ ግን ለሌሊቷ ቀለም አልሰጠናትም፤ ሰውየው ምን ሲያደርግ እንዳለፈችበት ነው የተረክነው።

ሲነጋ ደግሞ ጥቃቅኖቹ ፊደላት ሥራ ይጀምራሉ። ፈተና ያለበት ተማሪ ሳይጨርስ ሲነጋ «ነጋብኝ» ይላል። ሲያምመው ያደረ ሰው «ተመስገን፣ ነጋልኝ» ይላል። «ብ» እና «ል» ብቻ ናቸው የተለያዩት። ፀሐይዋ ግን አንዲት ናት። እንቅልፍ ያጣው ሰው ከሁለቱም በፊት የሚላት ነገር አለች፤ «አልነጋ አለኝ»። እንቅልፉ እምቢ ብሎታል፣ አሁን ደግሞ ንጋቱም እምቢ አለው። ትንሽ ቆይቶ ተስፋ ሲቆርጥ ከአልጋው ወርዶ ጋቢውን ይለብስና ቁጭ ይላል። ጠዋት ሲጠየቅ ታዲያ «ቁጭ ብዬ አነጋሁት» ይላል። ልብ በሉ፤ ነጋ አይደለም፣ አነጋሁት ነው። በዚያ ሁሉ ሌሊት ውስጥ ሰውየው አድራጊ የሆነባት ቃል ይህቺ ብቻ ናት። ሌሊቱን ገፍቶ ገፍቶ ያነጋው እሱ ነው።

እስካሁን ያወራሁት መተኛት ፈልጎ ስላቃተው ሰው ነው። መተኛት እየቻለ ለማይተኛው ሰው ግን ስም ሞልቶናል። ስሙም የክብር ስም ነው።

«ትጉህ» በሉኝ። ልጅ ሆነን የትምህርት ቤት ካርዳችን ላይ መምህሩ «ትጉህ ተማሪ» ብሎ የጻፈልን ብዙ ነን። ታታሪ፣ የሚሠራ ማለቱ ነው። ቃሉ ግን ከግእዙ «ተግሀ» የመጣ ነው፤ ነቅቶ አደረ፣ አልተኛም ማለት ነው። ገዳም ውስጥ እስካሁን «ትጋሃ ሌሊት» ይባላል። ስለዚህ «ትጋት» ስንል፣ «ትጋ እንጂ ልጄ» ስንል፣ በቃሉ ሥር ያለው ሰው ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው። አማርኛ ታታሪነትን የቀዳው እንቅልፍ ከማጣት ነው።

እዚህ ከተማ ይሄ ቃል ሥጋ ለብሶ ይታያል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። ማኅሌት የሚቆም ሰው ሌሊቱን በእግሩ ነው የሚያድረው፤ መቋሚያውም ስሙ እንደሚለው ለመቆም ነው። ጉልበቱ ሲዝል አገጩን መቋሚያው ላይ አስደግፎ ትንሽ የሚያንጎላጅ ደብተራ አይቼ አውቃለሁ፤ ማንም ግን እንቅልፋም አላለውም። ጥር 10፣ የከተራ ሌሊት፣ ፋሲል መዋኛ ታቦት አጅቦ ያደረ ሕዝብ ጠዋት ዓይኑ በርበሬ መስሏል። «እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ግን አንድ አታገኙም። ያው ዓይን ነው፣ ያው ሰዓት ነው። ቃሉ ግን ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ጎንደሬን! የጣራው መላእክት አንዳቸውም ዓይናቸውን አልከደኑም። መላእክት በግእዝ «ትጉሃን» ይባላሉ፤ የማይተኙት ማለት ነው። በተለይ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ይህ ስም ይደጋገማል። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ታተመ። ትጉሃን እዚያ «ጠባቂዎች»፣ «ተመልካቾች» በሚል ዓይነት ቃል ተተኩ፤ አለመተኛታቸው ጠፋ። የሚገርመው፣ በዚያው መጽሐፍ ከሰማይ ወርደው የሳቱት 200 መላእክትም ከትጉሃን ወገን ናቸው። አለመተኛት ብቻውን ጻድቅ አያደርግም ማለት ነው። ይሄን ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዘው ለሚያድሩት ልጆቻችን ንገሩልኝ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዳዊት የደገማችሁ ታስታውሱ ይሆናል። በግእዙ አቆጣጠር በመዝሙር 101፣ በአማርኛው በመዝሙር 102፣ አንድ ጭንቅ የያዘው ሰው ያለቅሳል። አጥንቱ ከቆዳው ተጣብቋል፣ እህል መብላት ረስቷል። እንቅልፍም የለውም፤ ጣራ ላይ ብቻዋን እንዳለች ወፍ ሆኛለሁ ይላል። ግእዙ ለዚህ ሰው የሚጠቀመው ግስ «ተጋህኩ» የሚል ነው። ያው ተግሀ! ስለዚህ ድሮ አንዲት ቃል ሁለቱንም ትይዝ ነበር፤ ለጸሎት የቆመውንም፣ በጭንቅ የሚገላበጠውንም። የግሪኩም እንዲሁ ነው። «አግሪፕኒያ» እንቅልፍ ማጣትም ነው፣ የቤተ ክርስቲያን የሌሊት ጸሎትም ነው። በነገራችን ላይ የግሪኩ ቃል ሲፈታ «እንቅልፍ አዳኝ» እንደማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲያሳድድ የሚያድር ሰው! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሰዓቱም ሌሊት 9 ነበር።

አማርኛችን ግን ሁለቱን ሰዎች ለያያቸው። «ትጉህ» ወደ ላይ ወጣ፣ ካርድ ላይ ተጻፈ። ጣራ ላይ ያለችው ወፍ ስም አጥታ ቀረች።

በከተማውም አማርኛ ንቃት ሙገሳ ነው። «ነቄ ነው» ይላሉ ልጆቹ፣ አይሸወድም ለማለት። «አይተኛልህም» ከተባለ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ሰውየው የሚያጠነጥነው ነገር አለ። ፋይላችን ቢሮ ውስጥ ሲዘገይ «ተኝተውበታል» እንላለን። በዚህ ሁሉ አማርኛ ውስጥ የማይተኛ ሰው ወይ ጎበዝ ነው ወይ ተንኮለኛ። ዝም ብሎ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰው የትም የለም።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ። ከዚያ ጥያቄ ሆነ።

አንዲት ፋርማሲስት ወጣት እጇን አወጣች። «ታዲያ ለምን አንፈጥርም? ሥራ አጥ እንላለን፤ እንቅልፍ አጥ ብንልስ?» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ቃሉን ወደድኩት፤ ለአፍ ይመቻል። ግን ፈራሁት። ሥራ አጥ የሚለውን ቃል እዩት። መጀመሪያ ሥራ ያጣ ሰው ለማለት ነበር። አሁን «እሱ እኮ ሥራ አጥ ነው» ሲባል የሰውየው ሙያ ይመስላል። «እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ» ስል ግን ግሱ ያለፈ ነው። ትናንት ነው። ዛሬ ማታ ምን እንደሚሆን ገና አልተነገረም።

ልጅቷ አልተረታችም። «እርስዎ የሚሉት ጥሩ ነው» አለችኝ። «እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ስም ስለሌለው በሽታ ነው ብሎ አያስበውም። ሁለት ዓመት እንቅልፍ ሳይወስደው ኖሮ ለራስ ምታት ኪኒን ሊገዛ ይመጣል።» ለዚህ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሰው መበተን ሲጀምር ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ወደኔ መጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ሁሉንም አልክ፤ አንዱን ረሳኸው» አሉኝ።

«ምን ረሳሁ እማማ?»

«ዓይኔ ደጅ ደጁን ሲያይ አደረ።»

እውነታቸውን ነው፤ ረስቼዋለሁ። የሚጠብቀው ሰው ያልገባለት ነው እንዲህ የሚለው።

«ማንን ሲጠብቁ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄን ነዋ። አሁን ደህና ነው፣ ባሕር ዳር ነው ያለ፣ ይደውላል» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው «ዓይኔ ግን ለምዶት ቀረ» አሉኝ። ከዚያ ሰዓቱን ጠየቁኝ። ሊመሽባቸው ነው። እስከ ባጃጁ ሸኘኋቸው።